አጥራችሁ ላይ ቀዳዳ ተዉ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በተደረገ የሰፈር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ከጥቃቅን እርማት በቀር እንደተነገረ ነው።)

እንዴት አመሻችሁ! አሰላሙ ዓለይኩም! አካም ጅርቱ!

ወንበር ያላገኛችሁ እዚህ ፊት ለፊት ምንጣፍ አለ። ልጆች፣ እስኪ ጠጋ ጠጋ በሉ። ቬንትሌተሩን ወደ እናቶች አዙሩላቸው፣ እኔን ተዉኝ፣ እኔ ለምጄዋለሁ። እሺ፣ ተባረኩ።

የጋበዙኝ ሰዎች «ግቢያችንን ለወፍ፣ ለቢራቢሮ፣ ለምናምኑ እንዲመች አድርገን እንዴት እናስውበው?» የሚለውን ንገሪን አሉኝ። ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። አስተማሪ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አንዴ ጠመኔ ከጨበጠ አይለቅም። ካስረዘምኩ «አቦ በቃሽ!» በሉኝ፣ አልቀየምም። ሦስት ነገር አነሳለሁ፦ ውሃ፣ ተክል፣ አጥር። በመሃል ወዲያ ወዲህ ማለቴ አይቀርም።

መጀመሪያ ግን ልጠይቃችሁ። «ግቢ ማሳመር» ሲባል ምንድን ነው ቶሎ የሚመጣላችሁ?

(«ታይልስ!» የሚል ድምፅ ከኋላ።)

ታይልስ! አያችሁ? እኔ አላልኩም። ከበር እስከ በረንዳ ታይልስ፣ ከበረንዳ እስከ አጥር ሲሚንቶ፣ ጥግ ላይ ሁለት የፕላስቲክ አበባ። በየጠዋቱ ይታጠባል፣ ያበራል። ሰኔ ላይ ደግሞ እግር ያቃጥላል። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ወፍ ምን ልትሠራ ትመጣለች? የምትጠጣው የለ፣ የምትበላው የለ፣ የምትደበቅበት የለ። እኛ ራሳችን እንኳ ጥላ ፍለጋ መንገድ ዳር ወንበር እናወጣለን!

ይህች ከተማ እንዲህ አልነበረም አመጣጧ። ባቡሩ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከዚራን የቀየሱት ሰዎች መንገዱን ሲያሰፉ ዛፍም አብረው አሰቡ። ሙቀቱን በምን ይቻሉት? ዛሬ የምንጠለልበት ኒም እንኳ ከህንድ አገር የመጣ ዛፍ ነው። ለሰው ጥላ ይሁን ተብሎ የተተከለ ዛፍ ፍሬውን ወፍ ለቀመው፣ የሌሊት ወፍም ራቷን አገኘችበት። ማንም ለእነሱ ብሎ አልተከለም። ታስቦበት ቢሆንማ ምን ያህል ይሆን ነበር? ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ አንደኛው፣ ውሃ።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። እናቴ ጠርዙ የተሸራረፈ የሸክላ ምጣድ ልትጥል ስትል ከእጇ ተቀብሎ ኒሙ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ውሃ ሞላው። እሷ «እብድ ነህ እንዴ?» አለችው። ከዚያ በኋላ ግን ቡና ስታፈላ ወንበሯን ወደ ምጣዱ አዙራ ነበር የምትቀመጠው።

ምጣድ ለምን? ጠለል ያለ ስለሆነ። ወፍ ጥልቅ ውሃ አትወድም። ሁለት ሦስት ጣት የሚሆን ውሃ በቂዋ ነው። ባልዲና በርሜል ለእሷ ጉድጓድ ነው፣ ገብታ ትሞትበታለች። መሃሉ ላይ ከውሃው ብቅ የሚል ድንጋይ ጣል አድርጉ። እሱ ለንብ ነው። ንብም ትጠማለች፣ ግን የምትቆምበት ደረቅ ነገር ካላገኘች ትሰጥማለች።

አስቀምጡና ዝም ብላችሁ እዩ። ዋኖሷ ትመጣለች። ዶሮ ስትጠጣ ታውቃላችሁ፣ ጎንጨት ታደርግና ቀና ትላለች፤ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች ይባልላታል። አብዛኞቹ ወፎች እንደ ዶሮ ናቸው። ዋኖስና ርግብ ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ ምንቃራቸውን ነክረው፣ ቀና ሳይሉ ይመጡታል። አንዷ በቀኝ ቀና እያለች፣ ሌላዋ በግራ እንደደፋች አንድ ምጣድ ላይ ታዩዋቸዋላችሁ። ይህን ለተማሪ በሥዕል ከማሳየት ምጣድ ማስቀመጥ ይሻላል።

አሁን ፊታችሁ ላይ የማየው ጥያቄ አለ። እዚያ ጋር እናቴ፣ አንገትዎን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። «ቢምቢውስ?» ነው አይደል?

እውነት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ውሃ ሲወራ ቢምቢን መዝለል አይቻልም። ደንጊን አልረሳነውም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የገባብን። በ2019 ቺኩንጉንያ መጣ። ስንቱ ሰው መገጣጠሚያው ተይዞ ከአልጋ መነሳት አቅቶት ነበር! በ2022 ደግሞ ወባ፣ ያውም በበጋ፣ በከተማ መሃል። ለዚህኛው ተጠያቂ የተባለችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ትንኝ ናት። እንደ ድሮዎቹ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። ደንጊን የምታስተላልፈውም እንደዚሁ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ ትወዳለች።

ታዲያ ምጣዱን እንጣለው? አይደለም። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ በእኛ ሙቀት ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል። እናንተ ደግሞ ውሃውን በየቀኑ ትደፋላችሁ። በየቀኑ! የተደፋው ለአበባው ይሆናል፣ አይባክንም። ከዚያ ጠርዙን በብሩሽ ፈተግ ማድረግ። ይህቺን አትዝለሏት። የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን ከውሃው ከፍ አድርጋ ዕቃው ግድግዳ ላይ ነው የምትለጥፈው። ውሃ ቢደፋም እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ስለዚህ መድፋት ብቻ ሳይሆን መፈተግ። ደግሞ የድሬ ውሃ ነጭ ቅርፊት ይሠራ የለ? በሎሚ ልጣጭ ስትፈትጉት እሱም አብሮ ይለቃል። በየቀኑ መቀየር የማይችል ሰው አያስቀምጥ። ይህን ስል ፊቴን አላጠቁርም፣ ግን እውነቴን ነው።

ውሃ በፈረቃ ነው የምትሉም አላችሁ። አንድ ጆግ ነው የምጠይቃችሁ፣ አንድ ጆግ።

ቢምቢ ካነሳን አይቀር፣ ማታ መብራቱ ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፋ የምትጠብቀዋን እንሽላሊት ለምን በጫማ ትገድሏታላችሁ? ምን አደረገቻችሁ? ሌሊቱን ሙሉ ትንኝና የእሳት ራት ስትለቅም ታድራለች፣ ደመወዝ አትጠይቅ። እስስትም በቀን ነፍሳት ትለቅማለች። ስንቱ ሰው ስሟን ሲሰማ ያማትባል! መርዝ የላትም፣ ሰው አትነድፍም። የኛን ሰው አስተያየት ካየሁ ግን ፀሎት የሚያስፈልገው ለእሷ ነው።

ሁለተኛው፣ ተክል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። በድሬ ፀሐይ፣ በዚህ የውሃ እጥረት፣ የውጭ ሣር እየተከልን ጠዋት ማታ ማጠጣት ምን የሚሉት ነው? የአገራችን እሬት እያለ! እሬት ውሃ አትለምንም። በድንጋያማ መሬት ላይ ትቆማለች። ስታብብ ቀይ፣ እንደ ቱቦ ያለ አበባ ታወጣለች። ምንቃሯ ቀጭንና ቆልመም ያለች፣ ፀሐይ ሲነካት የምታብለጨልጭ ትንሽ ወፍ አይታችኋል? ያ ቱቦ ለእሷ ምንቃር የተለካ ይመስላል። ግንዱን ጨብጣ፣ ምንቃሯን እስከ ሥሩ ሰድዳ የአበባውን ማር ትስበዋለች። ግንባሯ በአበባው ዱቄት ቢጫ ሆኖ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። በረንዳችሁ ሥር ሦስት አራት እሬት ይኑራችሁ እንጂ ጥሪ አያስፈልጋትም፣ ራሷ ታገኘዋለች።

ቡገንቪሊያስ? ለውበቱ ይኑር፣ አልነቅልባችሁም። ግን ልብ በሉ፣ እኛ አበባ የምንለው ቀለሙ የተለወጠ ቅጠል ነው። አበባው መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ነገር ናት። የሚበላ ብዙ የለውም። እሾሁ ግን ይጠቅማል። ድመት የማትደፍረው ቦታ ስለሆነ ወፍ ጎጆ ትሠራበታለች።

ቦታ ያለው ሰው ቁርቁራ ይትከል። አበባው ለንብ፣ ፍሬው ለወፍና ለልጆች። ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ አንዴ ከያዘ ድርቁን ይችላል። ፓፓያ ያላችሁ ደግሞ የላይኛዋን አንዷን ተዉላቸው። ጭራው የረዘመ ቡኒ ወፍ በመንጋ መጥቶ ሲወርር ትናደዳላችሁ፣ አውቃለሁ። የታችኞቹን እናንተ ብሉ፣ የላይኛዋ የእነሱ ትሁን። ለነገሩ እዚያ ድረስ መሰላል ማን ይወጣል?

አሁን ስለ ሎሚ ልንገራችሁ፣ ይህን እወደዋለሁ።

የሆነ ጊዜ ጎረቤቴ የሎሚ ችግኟን በቆርቆሮ ጣሳ ይዛ እየሮጠች መጣች። «እትዬ፣ ወፍ ኩሷን ጥላበት ቅጠሉ ሊሞት ነው!» አለችኝ። አየሁት። ቡኒና ነጭ የተቀላቀለበት፣ እርጥብ የሚመስል፣ ቁልጭ ያለ የወፍ ኩስ። «እስኪ በእንጨት ነካ አድርጊው» አልኳት። ስትነካው ተንቀሳቀሰ! ጣሳውን ልትጥለው ነበር። ትል ነው። ወፍ እንዳይበላው የወፍ ኩስ መስሎ ይኖራል። ማን ኩስ ይበላል? ሲያድግ ደግሞ መልኩን ይለውጣል፣ እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ ብትነኩት ከጭንቅላቱ ጀርባ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ብርቱካናማ ቀንድ ብቅ ያደርግባችኋል። ይሸታል! የበሰበሰ ሎሚ ይሸታል። ከዚያ ግንዱ ላይ ራሱን በክር አስሮ ይቀመጣል። ቆይቶ የሚወጣው ያ ጥቁር መደብ ላይ ነጣ ያለ ቢጫ ጠብታ የተረጨበት ትልቅ ቢራቢሮ ነው።

ጎረቤቴ ምን አለች? «ታዲያ ቅጠሌን በልቶ?» አለች። አዎ፣ በልቶ። ቢራቢሮ የሚወድ ሰው ለትሉ ቅጠል መክፈል አለበት። ሌላ መንገድ የለም። ትልቅ የሎሚ ዛፍ ጥቂት ትል አይገድለውም። ችግኝ ግን ይጎዳል፣ ስለዚህ ከችግኙ ላይ አንሱና ትልቁ ዛፍ ላይ አኑሩት። ጤና አዳም ያላችሁም እዩ፣ እሱንም ይበላል። ቅጠል ላይ ቀዳዳ ባያችሁ ቁጥር ፍሊት አትንፉ! ፍሊቱ ትሉን ብቻ መርጦ አይገድልም። ንቧንም፣ እንሽላሊቷ የምትበላውንም፣ ሁሉንም ነው የሚጠርገው። በበሶብላው ላይ ከነፋችሁ ደግሞ ነገ ወጥ ውስጥ እናንተው ታገኙታላችሁ።

አንድ ተክል ግን አትትከሉ እላለሁ። የወፍ ቆሎ። አበባው በአንድ ራስ ላይ ቢጫና ሮዝ ሆኖ ያምራል፣ ቢራቢሮም ይወደዋል። ስሙም ይጋብዛል። ችግሩ እዚያው ነው። ወፍ ፍሬውን በልታ በየገደሉ፣ በየግጦሹ ትዘራዋለች። ከሌላ አህጉር የመጣ ነው፤ በሐረርጌ ስንት የግጦሽ መሬት እንደዋጠ ገበሬውን ጠይቁት። ከብት ከበላው ይመርዘዋል። በእኛ ግቢ ጌጥ፣ በሌላው ማሳ ጠላት። እንግዳ ተቀባይነት በሰው መሬት አይሆንም።

ፍየሎቹንስ? ስቃችሁ ዝም አላችሁ! የድሬ ፍየል የጫት ገራባ በልታ ጠግባ፣ ለማጣጫ የእናንተን ችግኝ ትፈልጋለች። ችግኝ እስኪጠና በእሾህ ማጠር ነው። ሌላ ምክር የለኝም፣ ከፍየል ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላየሁም።

ለወፍ ምግብ መበተን ለምትወዱ፣ ጨው ያለበት ትርፍራፊና የሻገተ እንጀራ አትስጡ። እፍኝ ማሽላ ይበቃል። ከዚያም የሚሻለው ጥግ ላይ ጥቂት አገዳ ማሽላ ዘርቶ ራሱን ሳይቆርጡ መተው ነው። ዝናብ ሲዘንብ የሚበቅለውንም ሣር አንድ ጥግ ላይ አትጨዱት፣ ያፍራ። «የመስቀል ወፍ ሆነሃል» እንላለን፣ በዓመት አንዴ ብቅ ለሚል ሰው። ግን ክረምት ሲወጣ በቀይና በቢጫ ደምቀው ከምናያቸው ብዙዎቹ የትም አልሄዱም ነበር። ወንዱ የሠርግ ልብሱን አውልቆ እንደ ሴቷ ቡኒ ሆኖ እዚሁ አጠገባችን ይከርማል። የምንረሳው እኛ ነን። እሱ ያልታጨደ ሣር ዘር ሲለቅም ነው የሚከርመው።

ዘንባባ ያለው ሰው ደግሞ «ቢጫዋ ወፍ ቅጠሌን ሰነጣጥቃ ጨረሰችው» ይለኛል። እሷ ሳትሆን እሱ ነው! ወንዱ ነው ጎጆ የሚሠራው። ቅጠሉን በቀጭኑ ይሰነጥቅና ቋጥሮ ቋጥሮ ኳስ የሚያህል ቤት ያንጠለጥላል። ከዚያ ታች ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ይጮሃል፣ ቤት ሠርቶ ሽማግሌ እንደሚልክ ጎረምሳ። ሴቷ ትመጣለች። ትገባለች፣ ክሩን በምንቃሯ ትጎትታለች፣ ትፈትሻለች። ካልጣማት ውልቅ! ቅጠሉ ከደረቀና ቢጫ ከሆነ ዞር ብላም አታየው። እሱ ምን ያደርጋል? ራሱ አፍርሶ እዚያው ላይ በአዲስ ቅጠል ይጀምራል። እናቶች፣ ምን ያስቃችኋል?

እሺ፣ ሦስተኛው አጥር ነው። የመጣሁት በዋናነት ለዚህ ነው።

ሐረር ጀጎል ውስጥ አክስት ነበረችኝ። በልጅነቴ ክረምት ክረምት እሷ ጋ እሄድ ነበር። ማታ ተኝተን የጅቡ ኮቴ በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ ይሰማኛል፤ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ። ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኔ እስባለሁ። አክስቴ ግን «ተዪው፣ ሥራው ላይ ነው» ብላ ጀርባዋን ትሰጠኝና ታንኮራፋለች።

ጀጎልን ያጠረው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ነው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። ከጠላት መከላከያ ነው። ለሰው አምስት የጥንት በር አለው። ግን አጥሩ ሥር ሌላም ነገር አለ፤ ዝቅ ያለ ቀዳዳ። በእሱ የዝናቡ ውሃ ይወጣል፣ ጅቡም ይገባል። ሌሊት ገብቶ የሥጋ ቤቱን አጥንት፣ የየቤቱን ትርፍራፊ ጠርጎ ሳይነጋ ይወጣል። በአሹራም ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል፤ ጥሩ አድርጎ ከበላ ዓመቱ የጥጋብ ነው ይባላል። ዓለም ዛሬ ሐረርን ሊያይ የሚመጣው አንድም ለዚህ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 የመዘገበው ያ አጥር ቀዳዳ ያለው አጥር ነው!

አስቡት እስኪ። ለጦርነት የቆመ ግንብ ለጅብ ቀዳዳ ነበረው። የእኛ ግቢ ብሎኬት ለኤሊ እንኳ የላትም! ከላይ ጠርሙስ ስባሪ፣ ከታች ሲሚንቶ። እንቁራሪት ዝናብ ሲጥል ወዴት ትሂድ? ኤሊዋስ?

ጅብ አስገቡ አላልኩም፣ እንዳትሳሳቱ! ጅብ ማብላት የሚያውቁት ሰዎች ሥራ ነው፣ እዚያው ሐረር። ጦጣና ዝንጀሮም በእጃችሁ አታብሉ። ዛሬ ሙዝ የሰጣችሁት ነገ መስኮት ይከፍታል። እኔ የምለው አጥራችሁ ግርጌ ላይ ጫማ የሚያስገባ ቀዳዳ ተዉ ነው። ወደ ጎረቤት ግቢ፣ ወደ ባዶው መሬት የሚያሳልፍ። ጎረቤትን አነጋግሩና በጋራ አድርጉት። ኤሊም፣ እንቁራሪትም ከግቢ ግቢ ይለፉበት።

ግቢው ውስጥም አንድ ጥግ ተዉ። የማይጠረግ፣ የማይታጠብ ጥግ። የወደቀ ቅጠል፣ የደረቀ ግንድ፣ ጥቂት ድንጋይ ክምር። ወፍ ቅጠሉን እየገለበጠች ጥንዚዛ የምትለቅምበት። ለሠራተኛዋም ንገሯት፣ አለበለዚያ በማግስቱ አጽድታ ትጠብቃችኋለች።

«እባብስ? ጊንጥስ?» የሚል አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በድሬ ጊንጥ ቀልድ አይደለም። ጥጉ ከመኝታ ቤትና ከልጆች መጫወቻ ይራቅ። ድንጋዩን በባዶ እጅ አታንሱ። እባብ ደግሞ የሚከተለው አይጥን ነው፣ አይጥ የሚከተለው እህልና ቆሻሻን። እህሉን ክደኑ፣ ቆሻሻውን አስወግዱ። የአይጥ መርዝ ግን እባካችሁ! መርዝ የበላችውን አይጥ ጉጉት ትበላለች፣ ጉጉቷም ትሞታለች። ከዚያ ማን አይጥ ይይዝላችሁ? ሟርተኛ ናት የምትሏት ወፍ ሌሊቱን የምታሳልፈው የእናንተን አይጥ ስታድን ነው።

ድመትም አለች። ምጣዱን ቁጥቋጦው ሥር አታስቀምጡት፣ ተደብቃ ትዘልባቸዋለች። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ይበል፣ ከፍ ይበል።

ሰዓቱን እያያችሁብኝ ነው። በቃ፣ ጨረስኩ። በሩ ላይ በላስቲክ የተተከሉ የእሬት ግልገሎች አሉ፣ ከግቢዬ የነቀልኳቸው ናቸው። ለአንድ ቤት ሁለት ሁለት ውሰዱ። ዛሬውኑ ውሃ አታጠጧቸው፣ ሥራቸው የተቆረጠበት እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጠብቁ። ቁርቁራው ጥቂት ስለሆነ ሰፊ ግቢ ላላችሁ ቅድሚያ ስጡልኝ። የተሸራረፈ ምጣድ ቤቱ ያለውና የማይፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ለእኔ ያምጣልኝ፣ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። አሁን ጥያቄ። እዚያ ጋር፣ እጅህን ያወጣኸው ልጅ፣ ቀጥል።